የአሰገደች ጣት

የያዙኝ ሰሚት፣ ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። የእስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ ዳቦው አሁንም እጄ ላይ ነበር፤ ፖሊሱ ቆርሶ ፈትሾ መልሶልኛል። እንደ ወጉ አዲስ ገቢ የሚተኛው የሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። ዳቦውን ለክፍሉ ሰጠሁና ባልዲዬን ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የነበሩት ድሮ ቦሌ ቡልቡላ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

«ካርቱን ስዬ።»

«አሰገደችን የምትስላት አንተ ነህ? የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ ስንቴ ስቄያለሁ።»

አሰገደች በጋዜጣችን የጀርባ ገጽ ላይ የምትወጣ የታክሲ ረዳት ናት። ሲጀመር ጀግናው ሾፌሩ ነበር። እሷ በር ላይ ቆማ «ሰሚት፣ ሰሚት» ከማለት በቀር ሥራ አልነበራትም። አንባቢ ግን እየደወለ የሚጠይቀው ስለ እሷ ሆነ፤ አዘጋጁም «ሾፌሩን ጡረታ አውጣው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ትራፊኩንም ደላላውንም በአፏ የምትገጥመው እሷ ሆነች። በመጨረሻው ሳምንት ቤት የፈረሰባቸውን ሰዎች ከነፍራሻቸው ጭና ወረዳው በር ላይ አወረደቻቸው። የታሰርኩት በዚህ ነው።

በማግስቱ መርማሪው ጋዜጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ይቺ ሴት ማናት?»

«ከራሴ የፈጠርኳት ናት።»

አንዱን ሥዕል ጠቆመኝ፤ ቀጥሎ ሌላውን። በሁሉም ላይ የአሰገደች ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማለች።

«ይሄ የሰው ጣት ነው። ወሬውን የምታቀብልህ እሷ ናት። ነገ ስሟን ትነግረኛለህ፣ ትወጣለህ።»

ወሬ አቀባይ የሚባል ነገር የለም። ጣቷ ግን እውነት ነበረች። መገናኛ የታክሲ ረዳት ሆና የምትሠራ፣ ጣቷ ላይ የታክሲ በር የተዘጋባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት አለች። ሥዕሉን አይታው አታውቅም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ባልዲዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አሰገደች ሰው ናት ወይ አለኝ» አልኳቸው ለሽማግሌው።

እጃቸውን አነሱ። «ለእኔም እንዳትነግረኝ። ያልሰማሁትን ቢገርፉኝም አላወጣም።»

በነጋታው ለመርማሪው «እጅ መሳል አልችልም» አልኩት። «ጣት ይጣመምብኛል። አንባቢ ሲለምደው እንዲሁ ተውኩት።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ሳል።»

በዕድሜዬ የምኮራበት ነገር ቢኖር እጅ መሳሌ ነው። ያን ቀን ካሮት የመሰሉ ጣቶች ሳልኩ። ድገም አለኝ፤ የባሰ አበላሸሁት። ሳቀና ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። «በዚህ ነው እንግዲህ ደሞዝ የሚበላው።» አንገቴን ደፋሁ። ለማስመሰል አልነበረም፤ ከልቤ አፍሬ ነበር።

ስለ ሴትዮዋ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ብዙ ሰነበትኩ፤ ጋዜጣውም ሳልወጣ ተዘጋ። ሽማግሌው ሥዕሉን ያበላሸሁበት ቀን ማታ ፊቴን አይተው ጋቢያቸውን አጋሩኝ።

ከተፈታሁ ወዲህ እጅ ስስል እውነትም ይበላሽብኛል። ስንት ወረቀት ቀደድኩ። በቅርቡ ከመገናኛ ታክሲ ስሳፈር በሩ ላይ ያቺው ባለ ጣቷ ሴት ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ጠጋ በል ወንድሜ፣ ለሰው ቦታ ስጥ።»

ጠጋ አልኩ። መንገዱን ሙሉ ጣቷን ሳይ ቆየሁና ሰሚት ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። በዚያችው እጇ በሩን ከፈተችልኝ።