የአባቴ ክኒንና የበሬ ሐሞት

ፋርማሲ ስማር አፌ አያርፍም ነበር፤ ያወቅኩትን ለሰው ካልነገርኩ ያወቅኩት አይመስለኝም። ዘመኑ የደርግ ነው። ለየካቲት ዕረፍት የይለፍ ወረቀት ለምኜ፣ ጋሸና ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ላሊበላ ገባሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ አስም ነበረባቸው። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን እየዋጡ ቅዳሴ ለመቆም በቅተው ነበር። የሁዳዴ ቅበላ ዕለት ምሳ ላይ ብልቃጧን አንስቼ ማስተማር ጀመርኩ።

«አባ፣ የዚህ መድኃኒት ዘር መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ ያውቃሉ? ከበሬ ሐሞት! ስንት በሬ ታርዶ ጥቂት ነው የሚገኘው!»

«ወይ ጉድ!» እያሉ ሰሙኝ። ወሬዬን ሳልጨርስ ጎረቤት ጠራችኝና ወጣሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ሲነሱ ያዞራቸው ጀመር፤ ምግብም አስጠላቸው። ጾሙ ነው ብዬ ተዘናጋሁ። አንድ ጠዋት በራፉ ላይ ወደቁ። ብልቃጧን ባያት ክኒኑ ከቅበላ ወዲህ አልተነካም። ዓመት የተዋጠ እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ እንደሚገድል እኔ አውቃለሁ።

«አባ፣ ለምን ተዉት?»

«በጾም የበሬ ሐሞት እንዴት ይበላል፣ ልጄ? ከፋሲካ ወዲያ እውጠዋለሁ።»

አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ያቋረጥኩትን ትምህርት ቀጠልኩ። «ሐሞቱ ድሮ ቀርቷል። ዛሬ የሚነሳው ከዱር ተክል ሥር ነው። ከሥሩ የወጣውን ሆርሞን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል። ኢንዛይማቸው ሁለት የሃይድሮጅን አቶም ብቻ ይነቅልለታል፤ በዚያች መድኃኒቱ ይበረታል።»

«እነዚህ ባክቴሪያ ያልሻቸው ሥጋ አላቸው?»

«የላቸውም። እንደ ቡሆ እርሾ ናቸው።»

«እርሾማ የጾም ነው» አሉና አፋቸውን ከፈቱልኝ።

ከጤና ጣቢያ ያስጠራሁት ሐኪም መርፌ ጨመረላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ተደግፈው ተቀመጡ። ንዴቴ የመጣው ያኔ ነው።

«አንድ ጊዜ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ሊሞቱብኝ እኮ ነበር!»

እጄን ያዙ። «ያን ዕለት ስትነግሪኝ ፊትሽ በርቶ ነበር። ‹በነገርሽኝ ምክንያት መድኃኒቴን ተውሁ› ብልሽ ደግመሽ ምንም አታጫውቺኝም ብዬ ፈራሁ።»