አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ

ዛሬ ስልኬ የእህቴን መልእክት ጥርት ባለ አማርኛ ሲያነብልኝ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ደብረ ታቦር በአዳሪ ትምህርት ቤት የተማርኩበት ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። እሱም ለእኛ ለዓይነ ስውራን የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብልን ነበር፤ ግን እንግሊዝኛውን ብቻ። አማርኛ ስጽፍበት ዝም ይላል።

አባቴ ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ወደ አገራችን ወደ እብናት ሲመለሱ፣ "በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ደብዳቤ እስከ ገና ካልደረሰኝ መጥቼ እወስድሻለሁ" ብለውኝ ነበር።

ጣቶቼን አምኜ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መምህሬ አትመው፣ "የአባትና የልጅ ጉዳይ አይነበብም" ብለው ሳያዩት አጥፈው ሰጡኝ። በገበያተኛ ላክሁት።

በሳምንቱ፣ የገና በዓል እንዳለፈ፣ አባቴ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

"ደብዳቤ የሚያነቡልኝ መሪጌታ ቢያገላብጡት አንድ ቃል አላገኙበትም። ምን ብለሽ ነው፣ ልጄ?"

መምህሬ ተቀብለው አዩት። "ከመጀመሪያው ጀምሮ እጅሽ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሏል" አሉ። "ምነው ባነበብኩት ኖሮ።"

የጻፍኩትን በቃሌ አልኩላቸው። "አባባ፣ እዚህ ደስ ብሎኛል፤ አይውሰዱኝ" የሚለውንም አልዘለልኩም።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ "ደብዳቤው ግን አልደረሰኝም" ብለው ፍራሼን ጠቅልለው በገመድ አሰሩና፣ እጄን ይዘው ወደ እብናት መኪና ወሰዱኝ።