በባልዲ የበቀለው ገብስ

ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው የአፓርትመንታችን ኮሪደር ብዙ ሽታ ያውቃል፤ የጎረቤቶቻችንን ቅመም፣ የምንጣፍ ማጠቢያውን ሳሙና፣ በክረምት በየበሩ ሥር ተጥሎ የሚያድረውን የእርጥብ ቡት ሽታ። ዘንድሮ በመጋቢት፣ በረዶው ሄደ ስንል ተመልሶ መጥቶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን፣ ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት ግን ከእነዚህ ከአንዱም ያልሆነ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ለስለስ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል፣ ከኋላው ደግሞ የተለበለበ ፀጉር የሚመስል ነገር ያለበት ሽታ። ከረጢቱን እንዳንጠለጠልሁ ቆምሁ። እንኩቶ ነው። ገና ያልደረቀ የገብስ ዛላ በእሳት ተለብልቦ፣ በመዳፍ ታሽቶ፣ ትኩስ ትኩሱን የሚበላው እንኩቶ፤ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው የማላውቀው።

ከማን ቤት እንደሚወጣ ለማወቅ በር ማንኳኳት አላስፈለገኝም። ደግሞ ደምሴ! አልሁ በሆዴ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰሞን የደምሴ ነገር ሁሉ ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር።

ደምሴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከታች ፎቅ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ መሀል ከተማ ባለ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረን ሠርተን አብረን ጡረታ ወጣን። መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ ገብስን ቆሎ ወይም ጠላ ሆኖ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ጎረቤት ከተማ ብሩክሊን ሴንተር በአንድ ሰው ቤት ከሚሰበሰቡ፣ በዓላቱን እንደ ሙሴ ሕግ ከሚያከብሩ ጥቂት ሰዎች ጋር ገጠመ። እንደነሱ አቆጣጠር ዓመት የሚጀምረው በወረቀት ላይ በተጻፈ ቀን አይደለም፤ በገብስ ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያውን ወር በእሸት ስም ጠርቶታልና፣ እዚያ ኢየሩሳሌም ክረምቱ ወጥቶ አዲስ ጨረቃ ልትታይ ስትል፣ ማሳ ለማሳ እየዞሩ ገብሱን የሚያዩ ሰዎች አሉ። እሸት ሆኖ ከተገኘ የምትወጣው ጨረቃ የዓመቱ መጀመሪያ ትሆናለች፤ ፋሲካቸውም በዚያው ወር ይውላል። ገና ለምለም ሣር ከሆነ ግን ዓመቱ አላለቀም ተብሎ አንድ ወር ይጨመርበታል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር። እኔ ጾምና በዓሌን ካህናቱ በባሕረ ሐሳብ ቆጥረው የሚነግሩኝ ሰው ነኝ፤ አንድም ቀን ተክል ጠይቄ አላውቅም። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲለኝ ግን አልደነቀኝም፤ ለጳጉሜ አገር ሰው ይሄ ምን ይገርማል።

ታዲያ ደምሴ ከኢየሩሳሌም በስልክ የሚላከውን ፎቶ ማየት አልበቃው ብሎ፣ ገብሱ ከቀን ቀን ምን እንደሚመስል በዓይኔ ልየው ብሎ፣ በገና ሰሞን በሁለት ባልዲ አፈር ገብስ ዘርቶ መስኮቱ ሥር፣ ከማሞቂያው አጠገብ አስቀመጠው። ልጁ ለተክል የሚሆን መብራት ገዝታ ሰቀለችለት። በቀለ። እኔ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሳቄ ያለቀው የልጅ ልጄ ሊያ ያን ባልዲ ያየች ቀን ነው።

ሊያ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ወላጆቿ ሺፍት ሲገቡ እኔ ጋ ትውላለች። የአገሬን ነገር ላጫውታት ስሞክር ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር፤ ደምሴ ባልዲ ጋ ግን ስልኩን የምታወጣው ገብሱን ፎቶ ለማንሳት ነው። ወረደች፣ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። አንድ ቀን «ባርሊ አባባ ዛሬ ገብሱ ራስ አወጣ አለኝ» ብላ ገባች። ደምሴን ባርሊ አባባ፣ የገብስ አባባ! እኔ እኮ ዝም ብዬ አባባ ነኝ፤ ምንም ጌጥ የለኝም። በገብስ መሀል ተወልጄ ያደግሁት እኔ፣ የገብስ ማዕረግ የተሰጠው ለመርካቶ ልጅ።

እኔ ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ጧት ጧት ጉሙ ከማሳው ላይ እንደ ሰነፍ ከብት ተጎትቶ በሚነሣበት ደጋ ነው። እዚያ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እንግዳ ነበር። የምንበላው ገብስ፣ የምንጠጣው ገብስ፣ የምንተኛበት መደብ ላይ የተነጠፈው የገብስ ጭድ። ነሐሴን ጎተራው ባዶውን እያሳየን ከተሻገርን በኋላ፣ መስከረም ጠብቶ ማሳው ከአረንጓዴ ወደ ብጫ ሊል ሲያመነታ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ አባቴ ላይ ነበር። እንኩቶው ደርሷል የሚለው እሱ ነዋ። እሱ ሳይል ማንም ዛላ አይቆርጥም፤ ቀድሞ የቆረጠ የዓመቱን በረከት ያስኮበልላል ይባላል። ሹመት አልነበረውም፣ ደሞዝም አልነበረውም፤ ግን በዚያ ሰሞን ካህኑ እንኳ «እንዴት ነው ዘንድሮ?» እያሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁት ነበር።

አንድ ዓመት፣ አባቴ ታናሽ ወንድሜን ታደለንና እኔን አስቀምጦ ለየእጃችን አንዳንድ ዛላ ሰጠን። እሹት አለ። እኔ ታላቅ ነኝና በታላቅነቴ ልክ አሸሁት፤ መዳፌን ስከፍት አረንጓዴ ጭማቂና የተጨፈለቀ ገለባ ሆኖ ተገኘ። ታደለ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አሽቶ እፍ ሲል ፍሬዎቹ አንድም ሳይጎዱ፣ እንደ ታጠበ ጨሌ አብረቅርቀው መዳፉ ላይ ቀሩ። አባቴ ሁለታችንንም ዓይቶ «የዚህ እጅ ለእህል ነው» አለ። የእኔ ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እስከ ዛሬም አላወቅሁትም።

ከዚያ በኋላ በየመስከረሙ ማሳ የሚያየው ከታደለ ጋር ሆነ። ንጋት ላይ ሁለቱ በአንድ ባና ተጠቅልለው፣ እንደ አንድ ወፍራም ሰውዬ እየተወዛወዙ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው በጤዛ ርሰው፣ ሁለቱም ዝም ብለው፣ አንድ ነገር የሚያውቁ ሰዎች መስለው ይገባሉ። እኔ ተደብቄ በሰንበሌጥ ራስ ማሸት እለማመዳለሁ፤ ሰንበሌጥ ደግሞ ፍሬ የለው፣ እጄ ብቻ ይላጣል። እናቴ ነገሩ ገብቷት የመጀመሪያውን እፍኝ እንኩቶ ለእኔ ታቀብለኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ከታደለ እጅ የወጣ መሆኑን እያወቅሁ ሲወርድ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ማታ አንድ መደብ ላይ ተኝተን «አባዬ ምን ምን አለህ? ምኑን ዓይቶ ነው የሚያውቀው?» ብዬ ስለምነው፣ ያ ቁራጭ ልጅ ወደ ግድግዳው እየዞረ «ምስጢር ነው» ይለኝ ነበር።

ያቺ ቃል ከእኔ ጋር አረጀች። ከቤት ወጥቼ ሱዳን ስገባ አብራኝ ነበረች፤ እዚህ መጥቼ መኪና ሳቆምና ሳስወጣ ስኖርም አልተለየችኝም። ታደለ ትዳር ያዘ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ልጅ ወለደ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ገብስ ደረሰ ሲሉኝ ግን ደረቴ ውስጥ አንድ በር ይዘጋል። አባታችን ሲሞት ያለቀስሁት ለአባቴ ነው፤ ጥቂቱን ግን፣ ያ ነገር ለታደለ ብቻ ቀረ ብዬ ነው ያለቀስሁት።

እንግዲህ ያን የበረዶ ቀን ከነከረጢቴ ወደ ደምሴ ቤት ወረድሁ። መስኮቱ ተከፍቶ በረዶው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሊያ በሌሊት ልብሷ ጭሱን በፎጣ ታባርራለች፤ ደምሴ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ አንድ ዛላ በመቆንጠጫ ይዞ ያገላብጣል።

«ግባ አንተ ሰውዬ! ልልክብህ ነበር።»

«ቤቱን ልታቃጥለው ነው?»

«ገብስ እያየሁ ነው።»

«እኛ አገር ገብስ የሚታየው ማሳ ላይ ነው፤ ስቶቭ ላይ አይደለም።»

«አባባ፣ ቢ ናይስ» አለች ሊያ፣ ክፉ አትናገር ማለቷ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከኢየሩሳሌም የመጣው ፎቶ ማኅበርተኞቹን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ግማሹ እሸት ነው ይላል፣ ግማሹ ገና ነው ይላል። በእሳት ሲለበለብ ፍሬው ሟሽሾ ካልጠፋ እሸት ነው የሚል ነገር ስላለ፣ ደምሴ ከባልዲው ያንን ፎቶ የሚመስል ዛላ መርጦ ይፈትናል። ጨረቃዋ ልትወጣ ጥቂት ቀን ቀርቷታል፤ ነርሲንግ ሆም የምትሠራው ልጁ ደግሞ የፋሲካውን ፈቃድ ለዚህ ወር ትጠይቅ ወይስ ለሚቀጥለው ገና አላወቀችም።

«ለሱፐርቫይዘሯ ገብሱን እየጠበቅሁ ነው ትበላት እንዴ?» አለ ደምሴ። ከዚያ ዛላውን ወደ እኔ ዘረጋ። «አንተ የገብስ አገር ሰው ነህ። ፍረድ።»

ሊያም ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። «አባባ፣ ኢዝ ኢት ሬዲ? ደርሷል?»

እንዲህ ዓይነት ቀን ስመኝ ነው የኖርሁት። ማሳ የለም፣ ጉም የለም፣ ግን ሰው ጠይቆኛል፤ ያውም የልጅ ልጄ እያየችኝ። ዛላውን ተቀብዬ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ እንደ ታደለ ቀስ፣ ቀስ አድርጌ አሸሁ። መዳፌን ከፈትሁ። አረንጓዴ ጭማቂ። የሰማንያ ዓመት ደጃፍ ላይ የቆመ እጅ ያው የልጅነቱ እጅ ነው።

«ቅመሰዋ» አለኝ ደምሴ።

«ጾመኛ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አልሁ። እግዜር ይስጠው ለጾሙ፣ ሸሸገኝ።

ሊያ ግን የምትለቅ ልጅ አይደለችም። ወንድሜን እንደዋዛ ስሙን እያነሣሁ አጫውቻት ኖሮ «ኮል አንክል ታደለ!» አለችና ስልኬን ወስዳ ደወለች። እዚያ መሸት ብሏል። ታደለ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከልጁ ቤት፣ ጋቢ ተከናንቦ ብቅ አለ።

«ጋሼ! ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ገብስ ልጠይቅህ ነው።»

«አሜሪካ ገብስ ትዘራላችሁ?»

«በባልዲ።»

ሳቁ ሳል እስኪሆን ሳቀ። ሊያ ስልኩን ባልዲው ላይ ወዳለ ዛላ አስጠጋችለት። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየና «እኔ እንጃ፣ ይሄንስ አላውቅም» አለ።

«በል እንግዲህ አሁን ንገረኝ፤ አርጅተናል። አባዬ ማሳ ላይ የነገረህ ምስጢር ምንድን ነው?»

«የምን ምስጢር?»

«ምስጢር ነው ትለኝ የነበረው!»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። «ጋሼ ሙት፣ አንድም ነገር አልነገረኝም። እኔ አሽቼ እሰጠዋለሁ፤ እሱ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፣ ሰማዩን ያያል፣ በል እንሂድ ይለኛል። በቃ። እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ያለ መስሎኝ። ምስጢር ነው ያልሁህ እንድትቀና ብዬ ነዋ!»

«ቀንቻለሁ» አልሁት።

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

ማሳው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። የቱ ማሳ አለኝ፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ቆየ፣ ገብስም ከገበያ ነው የምንገዛው አለኝ። ሰላም ተባብለን ዘጋን። ቅናቱ በዚያች ደቂቃ ወለቀ፤ ደስ ግን አላለኝም። እንደ ወለቀ ጥርስ፣ ምላሴ እየሄደ ባዶ ቦታውን ይዳብሳል። ስቀናበት የኖርሁትን ነገር አባቴ ብቻውን ይዞት ሄዷል፤ እኔ ከበሩ ስንጥቅ፣ ታደለ ከባናው ውስጥ፣ ሁለታችንም ከውጭ ነበርን።

ደምሴ ቅር አላለውም። «ካላወቅን አላወቅንም፤ ማሳው አጠገብ ያሉት እስኪነግሩን እንጠብቃለን» አለ፤ ሳምንት ሳይሞላም ገና ነው የሚል መልስ መጥቶላቸው ዓመታቸው አሥራ ሦስተኛ ወር ተጨመረለት፣ ልጁም ፈቃዱን ለሚቀጥለው ወር ጠየቀች።

ያን ቀን ግን ገና ከደምሴ ማዕድ ቤት ሳንወጣ፣ ሊያ ከባልዲው ሌላ ዛላ ቀጥፋ ምድጃው ላይ ለብለብ አድርጋ፣ በእነዚያ ቀጫጭን መዳፎቿ መሀል አሸችው። እኔ ካበላሸሁት በቀር ማሸት ያሳያት ሰው የለም። እፍ አለች። ፍሬዎቹ አንድም ሳይጎዱ ቀሩ።

«እጅሽ ለእህል ነው» አልሁ፤ ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም።

«ዋት ዳዝ ዛት ሚን? ምን ማለት ነው?»

መዳፏን ወደ መብራቱ ቀና አድርጌ ፍሬዎቹን ቆጠርሁ። አብዛኛውን ለባርሊ አባባዋ አቀበለችው፤ ቀናሁ እንደገና፤ ለካ ያ በሽታ ሥሩን ትቶ ነው የወለቀው። ለእኔ ግን አንዲቷን ፍሬ በሶፍት ጠቅልላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየችልኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ እቤታችን መስኮት አጠገብ ቆመን ሶፍቱን ፈታችልኝ። ፍሬዋን በፊት ጥርሴ ነከስኋት። የፊት ጥርሴ የራሴ አይደለም፣ ሐኪም የተከለው ነው፤ ለስላሳ ትሁን ጠንካራ ምንም አልነገረኝም። እንደ አባቴ ሰማዩን አየሁ። በረዶ ይወርዳል፤ ከታች በረዶ ጠራጊው መኪና ፓርኪንጉን ይፍቃል።

«ሶ?» አለች ሊያ፣ አፌን አፌን እያየች።

«በይ እንሂድ» አልኋት።

ኮቷን ልታነሣ እጇን ዘርግታ መለስ ብላ አየችኝ። «ወዴት?»

ታደለ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ማሳው ከቤቱ፣ ቤቱም ከማሳው ይታይ ነበራ።