በፍልሰታ የዋጥኳት የአይጥ ጥርስ

ያለፈው ፍልሰታ ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። ደብረ ማርቆስ ቤታችን የሆነውን ነገር፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እያነሱ ይስቁብኛል፤ እኔው ልናገረውና ይውጣልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ውጭ አገር የሚያጠናው የአይጥ ጥርስ ነው። በረዶ አገር ሌሚንግ የምትባል ጭራዋ አጭር የሆነ አይጥ አለች። ከየትኛዋ ጥንታዊ አይጥ እንደመጣች ከመሬት ተቆፍረው ከሚወጡ ጥርሶች ይመረምራል። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው ለዚህ ነው እንግዲህ! እናታችን ለጎረቤት «ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ ሌላውን ትዘለዋለች።

ለእረፍት ሲመጣ አዲስ አበባ ለምሁራን የሚያሳያት አንዲት ጥርስ ይዞ ነበር፤ በጥጥ የተጠቀለለች፣ የምስር ክክ የምታህል። የዛሬዋ ሌሚንግ መንጋጋ ጥርስ ሥር የለውም፣ ዕድሜ ልኩን ያድጋል አለኝ። ይቺኛዋ ግን ገና ሥር አላት፤ መሸጋገሪያዋ እሷ ናት፣ ሌላ አልተገኘም፣ ጥናቴ የቆመው በሷ ነው አለ። ደግሞ ጥንታዊ አጥንት ከድንጋይ የሚለየው ምላስ ላይ ሲጣበቅ ነው ብሎ አጫወተኝ። ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ምላሴ ላይ አስቀመጥኳት። እውነትም ተጣበቀች። ወዲያው የንስሐ አባቴ «ቤቶች!» እያሉ ገቡ። ቄስ ሲገባ ተነስቶ መስቀል መሳለም ነው። ብድግ ብዬ ተሳለምኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ «አሜን» አልኩ። ከአሜኑ ጋር ወረደች።

ይበልጣል ተመልሶ ባዶውን ጥጥ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

አባ ነገሩ ሲገባቸው፣ «ልጄ፣ ሌላው ፍልሰታን በዶሮ ይገድፋል፤ አንቺ በአይጥ?» አሉ።

የሚቀጥለውን ባሳጥረው ይሻላል። ፖፖ ተገዛ፤ ከጓዳ የእናታችንን ወንፊት አወጣሁ። ይህን ብቻ ያልነገርናት እናታችን እስከ ዛሬ ያ ወንፊት የት ገባ ትላለች። ቀን ቆጥረን ተስፋ ልንቆርጥ ስንል አንድ ነገር ወንፊቱ ላይ ቀረ። ይበልጣል በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ በአጉሊ መነጽር አየው።

«ሥሯ አለ እታለም» አለኝ። ዓይኑን እንባ ሞልቶት ነበር፤ እኔማ አለቀስኩ።

ከዚያ አጥንት መሆኗን ሊያረጋግጥ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ወደ ምላሱ ወሰዳት። ይህኔ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል የአባ ድምፅ ተሰማ። ዘልዬ እጁን ያዝኩት።

ጥርሷ ዛሬ በረዶ አገር ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። እኔ ግን «ቤቶች!» ሲባል ከመነሳቴ በፊት አሁንም አፌን እፈትሻለሁ።