ከቡሬ የሚመጣው ካርታ

ለባለቤቴ የአርባ መታሰቢያ የሚሆን ጽሑፍ ላሠራ ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ ካለችው ማተሚያ ቤት ገብቼ ነበር። የቀለምና የሞቀ ወረቀት ሽታ ተቀበለኝ። ሠራተኛዋ ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛውራ ስትከፍተው በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። «አይዞዎት እትዬ፣ ፊደሉ እዚህኛው ላይ ስላልተጫነ ነው» አለችኝ። እኔ ግን በሐሳቤ የወጣትነቴ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ።

ያኔ የውሃ ካርታ ነዳፊ ነበርኩ፤ እሱ ጎረቤት ክፍል ቀያሽ። ገና ምንም አልተባባልንም። የጅጋን የውሃ መስመር የምንሠራው ቡሬ ካለ አማካሪ ቢሮ ጋር ነበር። የእነሱ ፕሮግራም አዲስ፣ የእኛ አሮጌ ስለሆነ የላኩት ካርታ እኛ ዘንድ አልከፈት ይላል። ስለዚህ እሱ በየሳምንቱ ፍላሽ ኪሱ ከቶ በሚኒባስ ቡሬ ይሄዳል፤ የዚያ ቢሮ ነዳፊ በእኛ ኮምፒውተር እንዲከፈት አድርጋ ትቀይርለታለች።

ሲቀየር ግን አማርኛው ይጠፋል። የወንዙም የደብሩም የመንደሩም ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። አገሩን በእግሩ የለካው እሱ ነውና ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

«ይቺ ምንጯ ናት። ይኼ የቄሱ ባህር ዛፍ፤ ውሻቸው ሊበላኝ ነበር።»

«የውሻውንም ስም ልጻፈው?» ስለው ይስቃል። ጃኬቱ የጤፍ ገለባና የፀሐይ ሽታ ነበረው። የከሰዓቱ ብርሃን ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ እስኪወርድ ድረስ አንነሳም።

አንድ ሰኞ ካርታው አንድ ፊደል ሳይጎድል መጣ።

«የቡሬዋ ፊደሉን እንደ ሥዕል መስመር አድርጋ ቀየረችው፤ ከእንግዲህ አይጠፋም። እጇ ደግሞ ሲፈጥን! መድከም ቀረልሽ» አለኝ ደስ ብሎት። ወንበሩንም ሳይስብ ወጣ።

እንዴት እንዳቃጠለኝ ምን ብዬ ልናገር። ልጅቷን አይቻት አላውቅም፤ በሐሳቤ ግን ጸጉሯን ሠራሁላት፣ ቀሚስ መረጥኩላት፣ ከእሱ ጋር ሻይ አስቀመጥኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ሊሄድ ሲል «እንዲህ ካወቀች ንድፉንም እሷው ትሥራልህ። መመላለሱ ምን ያደርግልሃል፣ እዚያው ቤት ተከራይ» አልኩት። ፍላሹን ኪሱ ከቶ ሄደ። ያን ቀን በር ላይ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ልቤ አብሮ ይቆም ነበር።

ሲመለስ ያመጣውን ከፈትኩት። ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት።

«ረሳችው እንዴ?»

«አይ። እኔ ነኝ ተይው ያልኳት።» ወንበሩን ሳበ።

ተጋባን። ቅናቱ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልለቀቀኝም። ለእኔ ያልነገረኝን ለእሷ አስቀድሞ ነግሯት ነበር ማለት ነው። ምን ብለህ ነገርካት ስለው ዕድሜውን ሙሉ «ረስቼዋለሁ» እያለ ሳቀብኝ።

የቡሬዋ ለቅሶው ላይ መጣች፤ ማንነቷን የነገሩኝ አብረዋት የመጡት ናቸው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወፈር ያለች ሴት። ስታለቅስለት ሳይ፣ ባሌ ከሞተም በኋላ ቀናሁ። ሰው ሲሳሳ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላትና ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ያኔ ፊደሉን ተይው ያለሽ ቀን ምን አለሽ?»

ዓይኗን ጠረገች። «ብዙም አላለ እህቴ። ፊደሉን ላስተካክል ስል እጄን ከማውሱ ላይ አነሳና ‹እሱን ተይልኝ፤ የምትጽፈው አለች› አለኝ። አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።»

ባሌ ሲያፍር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እሷ ግን አይታዋለች።

እጇን ያዝኩና ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኳት።