ከኬኔሶ ማዶ የቀረችው እርጉዝ በግ

ለፋሲካ በግ ልንገዛ የሄድን ዕለት እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልታስተረጉም የመጣችው ልጄና መኪና የነዳልን የባለቤቴ ጓደኛ ነበርን። በስደት ከምንኖርበት ከኬኔሶ ከተማ ወጣ ብሎ በግል መሬቱ ላይ ግጦሽ አጥሮ በግ የሚያረባው ሽማግሌ ፈረንጅና አሮጊት ሚስቱም ነበሩ።

የባለቤቴ ጓደኛ ከበጎቹ ወፍራሟን መርጦ አንገቷ ላይ ገመድ አሰረ። ሆዷን ስዳስሰው ደነገጥኩ፤ እርጉዝ ናት። ልጄ ሰውየውን ብትጠይቀው፣ «አዎ፣ በጥሩ አውራ በግ አስጠቅቻት ነው። ግን መሬቱም በጓም የኔ ናቸው፤ ከፈለጋችሁ ውሰዷት» አለ።

እኛ ዘንድ እርጉዝ አትታረድም። ሣሩን ስላጠረ የሆዷንም ነፍስ አጥሮ ይሸጣል እንዴ?

«ባለቤቱ ከፈቀደ እኛ ምን አገባን?» አለ ጓደኛው።

«ለሱስ ማን ፈቀደለት?» ብዬ የአጥሩን በር ዘግቼ ቆምኩ።

«እንግዲያውስ ክርስትና ያንሷት፣ እትዬ!» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ። ልጆች የወለድኩለት ሰው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሮጊቷ ግን ቋንቋዬን ሳያውቁ ፊቴን አይተው ገባቸው። ገመዱን ከጓደኛው እጅ ፈልቅቀው በጓን ወደ ሣሩ መለሷት። ስትወልድ ፎቶ እልካለሁ ብለውም የልጄን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ። እኛ አውራ በግ ይዘን ተመለስን።

ፎቶው አልመጣም። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ አጥሩ ፈርሶ ቤቶች ተሠርተውበታል። እኚያ አሮጊት የት እንደገቡ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።