አጎቴ ስለ ኮከቦች መጠየቅ ያቆሙበት እሁድ

ሰበታ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበሩ። እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ጨቅላ ኮከቦቹ ዛሬስ ምን አደረጉ?» ይሉኛል። የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውን ፎቶ ከስልኬ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፤ ኮከቡ ገና በአቧራ ተሸፍኖ ሳለ ከላይና ከታች ጋዝ ይተፋል፣ ቴሌስኮፑም አቧራውን አልፎ ሙቀቱን ያያል።

«በሙቀት? እንደኔ ነዋ!» ብለው መዳፋቸውን ወደ ጉንጬ አስጠግተው ይስቁ ነበር።

አንድ እሁድ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ፣ «አንቱ ለማያዩት ነገር እኔ ምን አደከመኝ?» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ሰብስበው፣ «እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም። እኔም በልቤ ተገላገልኩ አልኩ።

በወሩ አረፉ። ለቅሶው ላይ ጎረቤታቸው እጄን ይዛ፣ «ስለ ኮከብ አንብቢልኝ ብለው ለምነውኝ ነበር፤ ፊደል ስለማልቆጥር እምቢ አልኳቸው» አለችኝ። እያለቀሰች ይቅርታ የጠየቀችው እኔን ነበር።